«ወፈርሽ» ምርቃት የሆነበት አገር

ደሴ ላይ ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ሰዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚታየው ጉንጭ ነው። «ወፈርሽ! አማረብሽ!» ከተባለ ሰላምታው በደስታ ተጀመረ ማለት ነው። «ምነው ከሳሽ?» ከተባለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድምፅ ዝቅ ይላል፤ «ደህና አይደለሽም እንዴ?» ይከተላል፤ ከዚያ ሐኪም፣ ጠበል፣ ዱዓ ይታዘዛል። አዲስ አበባ ጂም ገብታችሁ፣ ለስላሳ መጠጥ ትታችሁ፣ ግማሽ ዓመት ለፍታችሁ፣ ስምንት ኪሎ ቀንሳችሁ ለበዓል ወደ ወሎ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። እናንተ «ጎበዝ» መባልን ትጠብቃላችሁ፤ ቤተሰቡ የሚያየው ግን በሽተኛ ነው።

ይህን «የድሮ ሰው አስተሳሰብ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ፍርሃት ይመስለኛል፤ ያውም ዓመተ ምሕረትና ቦታ ያለው ፍርሃት። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ቦርጭ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ጆሮ የማያገኘው ይህን ፍርሃት ሳያውቅ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ከኪሎው በፊት ታሪኩን እንየው።

ከቃላቱ እንጀምር። ልጁን «ጥጋቡ» ብሎ የሚሰይም ሕዝብ ነን። እ.አ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው የሕፃናት የዱቄት ምግብ ሲወጣ የተሰጠው ስም «ፋፋ» ነበር። ፋፋ ማለት ወፈረ፣ ሰውነቱ ሞላ፣ አማረበት ማለት ነው። አንድ አገር የልጆቹን ምግብ እንዲህ ብሎ ሲጠራ ምን እንደሚመኝ ግልጽ ነው። በሌላው በኩል ክሳትን የሚያሞግስ ቃል ፈልጌ አጣሁ። መነመነ፣ ገረጣ፣ አጥንቱ ወጣ፣ ጠወለገ፤ ሁሉም የጉዳት ቃላት ናቸው። «ቀጭን» አለ አይደል? አለ፤ ግን ቀጭን ሰው ተፈጥሮው ነው። የከሳ ሰው ግን አንድ ነገር የደረሰበት ሰው ነው።

አዳራሹና ክፉ ቀን

በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ የተባሉት ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ካሠሯቸው ሕንፃዎች ስሙ ከሁሉ የሚነሳው አይጠየፍ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተሠራው ግብር ለማብላት ነበር። ግብር ያኔ የሚከፈል ብቻ አልነበረም፤ ገዥው መኳንንቱን፣ ሠራዊቱንና ሕዝቡን የሚያበላበት ድግስም ነበር። «አይጠየፍ» የሚለው ስም ራሱ ማንም ሳይናቅና ሳይለይ የሚበላበት ቤት ነው ለማለት እንደወጣ ይነገራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖርበት ወሎ፣ ይህ ቀላል ስም አይደለም።

በዚያ ዘመን ሥልጣን የሚለካው በማብላት ነበር። የሞላ ሰውነት ያለው ሰው ደግሞ ለማዕዱ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ቦርጭ የጤና ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የወንበር ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን እነዚያው ሰዎች ክፉ ቀንንም አይተዋል። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን አዳረሰ። ታላቁ ድግስና ታላቁ ረሃብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተከሰቱ ነገሮች ናቸው። ሲገኝ አጥብቆ መብላት ስግብግብነት ሳይሆን ብልሃት የሆነው እዚህ ላይ ነው። ነገ የሚሆነው አይታወቅማ።

ገበያው ላይ እህል ነበር

ወሎን ዓለም ያወቃት በረሃብ ነው፤ ያሳዝናል ግን እውነት ነው። በ1965 ዓ.ም. ከሰሜንና ከምሥራቅ ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በአውራ ጎዳናው ዳር ተኮለኮለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ደርግ ይኸንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀያየረ ለሕዝብ አሳየው። አንድ ሥዕል አጥንት፣ አንድ ሥዕል ኬክ። ያን ሌሊት ውፍረትና ክሳት የፖለቲካ ክስ ሆኑ።

ስለዚህ ረሃብ ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ ግን ኢኮኖሚስቱ አማርቲያ ሴን እ.አ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ነገር ነው። ሴን የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ተመለከተ። ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ ሳለ ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ እህል በአውራ ጎዳናው ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ሰዎቹ የሞቱት ምግብ ከምድር ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። ከብቱ አልቆ፣ ሥራው ጠፍቶ፣ ገበያ ላይ ያለውን እህል የሚገዙበት አቅም ስላጡ ነበር።

ይህን ሳስብ የወሎ እናት «ብላ» የምትለው ቃል ሌላ ትርጉም ይሰጠኛል። እህል በገበያ መኖሩ ለእሷ ዋስትና አይደለም። ጎተራ ውስጥ ያለውም ሊሸጥ ይችላል። ማንም የማይወስድባት ሆድ ውስጥ የገባው ብቻ ነው።

ሚዛኑ

ከዚያ 1977 መጣ። ያኔ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። እኔ ግን ከካሜራው ይልቅ የምፈልገው በየመጠለያው የነበረውን ሌላ ዕቃ ነው፤ ሚዛኑን። ሕፃናት እንደ ከረጢት ተንጠልጥለው ይመዘኑ ነበር፤ ቁመታቸው ይለካል፤ ክንዳቸው ላይ ሜትር ይዞራል። በቂ ክብደት የሌለው ወደ ልዩ ምገባው ይገባል። ትንሽ የተሻለው ይመለሳል። ለብዙ የወሎ ቤተሰብ የሰው ልጅ በሚዛን ሲመዘን ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው፤ ቁጥሩም የሚያስፈራው ትንሽ ሲሆን ነበር።

አክስቴ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከቆቦ በኩል በእግር ኮረም ከደረሱት አንዷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ግን አልተመለሰም። አሁን ደሴ ትኖራለች፤ ሃምሳዋን ልትይዝ ነው፤ ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሷን ሲያዞራት ሐኪም ጋ ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ስኳሯም ድንበር ላይ ደርሷል። ወጣቱ ባለሙያ ሚዛን ላይ አወጣትና በቅንነት እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ቢያንስ 15 ኪሎ መቀነስ አለብዎት።»

«ልጄ፣» አለችው፣ «እኔ የቀነስኩ ዕለት የት እንደነበርኩ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ከየት ያውቃል? ወረቀቱን ተቀበለች፣ መድኃኒቱን ገዛች፣ ምክሩን ግን እዚያው ትታው ወጣች። ምክሩ ትክክል ነበር። ሚዛኑ ግን ለእሷ የቆየ ሚዛን ነው።

ስኳር፣ ዘይት፣ ባጃጅ

ታዲያ ውፍረቱ ከየት መጣ? ስንፍና አይደለም። ኑሮው ተለወጠ።

ስኳርን ውሰዱ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለአብዛኛው የገጠር ሰው ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ማር ደግሞ የዘወትር አይደለም። ቡናም በብዙ ቤት በጨው ይጠጣ ነበር። ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ሲኒ በስኳር ነው። እስቲ እንደምር፦ በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢገባ ሦስቱ ሲኒ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ወደ 25 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢቻል ከዚህ አይለፍ የሚለው ልክ ይኼው ነው። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት የቀኑን ኮታ ጨረሰ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና በቀን አንዴ ብቻ ተፈልቶ የሚያድርበት ቤት ብዙ አይደለም። ሻዩንና ለስላሳውን ገና አልቆጠርንም።

ዘይቱም እንደዚሁ ነው። በየቤቱ ቆጥቦ ጠብ ይደረግ የነበረው የኑግ ዘይት ቦታውን በጀሪካን ለሚገባ የፓልም ዘይት ለቀቀ። ወጥ ላይ ዘይት ተንሳፎ መታየቱ የቤቱ ሙሉነት ምልክት ሆነ።

እግርስ? ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ዳገት የሌለበት ሰፈር መፈለግ ነው የሚከብደው። ሰኞ ገበያ ሄዶ መመለስ ለአያቶቻችን በየሳምንቱ የሚደረግ፣ ስም ያልወጣለት ስፖርት ነበር። ዛሬ ባጃጁ በር ላይ ይቆማል። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ 600 ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። ማሳ ላይ ጎንበስ ቀና ይል የነበረው ሰውነት አሁን ስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ ይውላል። የሚበላው ግን እንደ ገበሬ ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ያሳያል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደረሱ። በከተማ ብቻ ሲታይ 21 በመቶ ነው። በዚያው በ2008 ጥናት ግን ከሚገባው በታች የቀጠኑት 22 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁለተኛ ቁጥር አትዝለሉት። ዛሬም ከውፍረት ይልቅ ክሳት የሚያሰጋቸው ይበዛሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ።

ክፉ ቀኑም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝቡ ሻንጣውን ይዞ በእግር ወጣ፤ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን አጡ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ከተማ ሰው «ስብ አታከማቹ» ስትሉት «ለመጪው ጊዜስ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ሰውነት አይረሳም

ሰውነትም እንደ አክስቴ ነው፤ ረሃብን አይረሳም። እ.አ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 ናዚዎች ምዕራብ ኔዘርላንድን በምግብ ባነቁበት ክረምት የተፀነሱ ልጆችን ተመራማሪዎች አሥርት ዓመታት ተከታተሏቸው። በእናታቸው ማህፀን ሳሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የነካቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ለውፍረትና ለስኳር መዛባት ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በማህፀን «ምግብ የለም» የሚል መልእክት የደረሰው ሰውነት ያገኘውን ሁሉ ለመቆጠብ ይሰናዳል፤ በኋላ ምግብ ሲትረፈረፍ ያ ቁጠባ ራሱ ሕመም ይሆናል። በ1977 አካባቢ ስለተወለዱ የራያ ቆቦ ሰዎችም የኛው ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተዋል። ወሎ ላይ ያለ የ40 ዓመት ሰው ቦርጭ የትናንት ክትፎ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር። በዚያው ጦርነት ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ምግብ ኖሩ። የሰውነታቸውን ሩብ ያህል ክብደት አጡ። ግን ሌላም ነገር አጡ፦ ሳቃቸውን፣ ትዕግሥታቸውን። ቀንና ሌሊት ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር። ምግቡ ሲመለስ ብዙዎቹ ከቀድሞው በላይ ስብ ይዘው ተመለሱ።

ለእኛ ለወጣቶቹ ትምህርቱ እዚህ ጋ ነው። ቲክቶክ ላይ «በ10 ቀን 10 ኪሎ» የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ሻይ፣ ክኒን፣ የሎሚ ውኃ ብቻ። ሰውነት እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ለእሱ ይህ 1977 ነው። ረሃብ መጣ ብሎ ይሰናዳል፤ ስትለቁት ብድሩን ያስመልሳል።

ረሃብና ጾም

መፍትሔው ያለው፣ የሚገርመው፣ ከጓዳችን ነው። ወሎ ባዶ ሆድን በሁለት ስም ይጠራል፦ ረሃብና ጾም። ሁለቱም ላይ ሆድ ይጮኻል። ግን ረሃብ የደረሰብህ ነው፤ ጾም የወሰንከው ነው። ረሃብ ብቻህን ይዞ ይጥልሃል፤ ጾም ከጎረቤት ጋር ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ሲያልቅ ማዕድ አለ። ኦርቶዶክሱ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ሙሉ ይጾማል። «ዛሬ አልበላም» ማለት ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነበት «ክሳ» የሚለው ትእዛዝ ነው።

ጾም ክብደት ለመቀነስ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጾም የነፍስ ነው። በዚያ ላይ ጾሙ ሲፈታ የሚወርደውን ቅቤና ሥጋ፣ በኢፍጣር የሚደረደረውን ሳምቡሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከሐኪሙ ሳይመክር መጾም የለበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሰው በራሱ ፈቃድ፣ ከሰው ጋር፣ በልክ የሚተውበት ልማድ አለን። ጤናማ ልማድ የሚተከለው እዚህ አፈር ላይ ነው።

አክስቴንም የለወጣት ይኸው ነው። የቡና ጎረቤቷ፣ ረመዳንን አንድም ቀን የማታጎድል ሴት፣ አንድ ቀን ሲኒ እያቀበለች «አብሽሪ፣ ስኳሯን ብቻ እንጹማት» አለቻት። ክሺ አላለቻትም። መጀመሪያ በረካው ያለ ስኳር ሆነ፤ ከወር በኋላ ቶናው፤ አቦሉ ላይ አንድ ማንኪያ ቀረ፤ አሁንም አለ፤ እሱን አልለቅም ብላለች። ከዳቦው ይልቅ ቆሎው ለቡና ቁርስ ተመለሰ። ሰኞ ሰኞ ገበያ በእግር ወርደው ዕቃውን ብቻ በባጃጅ ይልካሉ። በዓመቱ ስድስት ኪሎ ያህል ቀነሰች። መድኃኒቷን አላቆመችም፤ ግፊቷ ግን ረጋ። ጉንጯም አልጠፋም፤ እሷ በተለይ የምትኮራው በዚህ ነው።

ስድስት ኪሎ ትንሽ ይመስላል። ግን እ.አ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ላይ የተከለው ግብ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ብቻ ነበር። በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። 150 ደቂቃ ደግሞ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። የደሴ ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን ዳገቱ ራሱ ያመጣዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ሳይከር በጠዋቱ መውጣት ነው።

ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቆሎው የድሃ ምግብ ተብሎ የተናቀው በኛው ዕድሜ ነው። እንጀራውም ጠላት አይደለም፤ መጠኑና ላዩ ላይ የሚፈስሰው ዘይት ነው ጥያቄው። ለመቀነስ የውጭ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብዙዎቻችሁ ከኛ ጋር እኩያ ናችሁና በወዳጅነት ውሰዱት። ወሎ ላይ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት «በ77 የት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የምትነግሩት ኪሎ ምናልባት የሚሰማ ኪሎ ይሆናል።